ወጣትነት ማመካኛ ይሆናልን?



ወጣት ሲያጠፋ በቤታችንም ሆነ በቤተክርስቲያን አጸድ ፈጥኖ ከአፋችን የሚወጣው ቃል «ተዉት፤ ልጅነት ነው» የሚለው ነው። ቃሉ ከርኅራኄ ስለሚመነጭ የሚነቀፍ አይደለም። ዳሩ ግን ርኅራኄ ሁሉ ሰውን ያንጻል ማለት አይቻልም፤ የወደቀውን ከማንሣት ይልቅ በወደቀበት እንዲቀር የሚያደላድልለትም ርኅራኄ አለ። ስለዚህ ወጣትነት ለክፉ ምርጫ ማመካኛ ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለውን ጥያቄ በዛሬው ጽሑፋችን በእርጋታ እንመርምር።

ጥያቄው ለእኔም እንግዳ አይደለም። የዘርዓ ክህነት ተማሪ ሳለሁ፣ በሃያ ዓመቴ፣ ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር በገጠምነው የእግር ኳስ ጨዋታ ግብ ጠባቂ ነበርሁ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አንድ ኳስ ከእጄ አምልጦ መስመሩን አለፈ፤ እኔም ፈጥኜ ወደ ሜዳ መለስሁት። ዳኛው በተጫዋቾች ስለ ተከለለ አላየም፤ ቀርቦም «ገብቷል ወይስ አልገባም?» ሲል ጠየቀኝ። «አልገባም» አልሁ። አሸነፍን፤ ጓደኞቼም በትከሻቸው ተሸከሙኝ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ ወደ መንፈሳዊ አባታችን ዘንድ ሄጄ ነገሩን ካወራሁ በኋላ «አባ፣ መቼም ልጅነት ነው» ብዬ ቋጨሁት። እኚያ አረጋዊ ካህን ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ኳሱ መስመሩን ሲያልፍ ስንት ዓመትህ እንደ ነበረ አልጠየቅሁህም። ማለፉን አይተሃል ወይ?» አሉኝ። ለጥያቄያቸው መልስ አጣሁ። ወደዚህ ታሪክ በስተመጨረሻ እንመለስበታለን።

የእኔ ጥፋት ትንሽ ነበር ይባል ይሆናል። ስለሆነም ይኸው ጥያቄ በአደባባይ፣ በፍርድ ቤትና በጋዜጣ ፊት የተነሣበትን አንድ እውነተኛ ታሪክ እናንሣ። ነገሩ የተፈጸመው በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ከተማ፣ በ1951 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በአሜሪካ የኮሌጆች ስፖርት እንደ ሌላው ሀገር የተማሪዎች መዝናኛ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሺህ ተመልካች የሚሰበሰብበት፣ ብዙ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ትልቅ ትርኢት ነው። በዚያን ዘመን የኒው ዮርክ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ጨዋታቸውን ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በሚባለው ታላቅ አዳራሽ ያደርጉ ነበር። ከጨዋታው ጎን ለጎን ውርርድ ነበር። ውርርዱም ማን ያሸንፋል በሚለው ብቻ ሳይወሰን፣ በስንት ነጥብ ልዩነት ያሸንፋል በሚለውም ላይ ገንዘብ የሚያዝበት ነበር። የፈተናው ረቂቅነት እዚህ ላይ ነው። ቁማርተኛው ወደ ወጣቱ ተጫዋች ቀርቦ «ቡድንህን አሳልፈህ ስጥ» አይለውም። «አሸንፉ፤ ብቻ ልዩነቱን ጠበብ አድርገው። አንድ ሁለት ኳስ ቢያመልጥህ ማን ያውቃል? ማንስ ይጎዳል?» ይለዋል። ኃጢአት ወትሮም እንዲህ ነው፤ ሲመጣ ትንሽ መስሎ ይመጣል።

በጥር ወር 1951 ይህ ጥያቄ ጁኒየስ ኬሎግ ለተባለ የ23 ዓመት ወጣት ቀረበለት። ኬሎግ የማንሃተን ኮሌጅ ተማሪ ነበር። ይህ ኮሌጅ በሀገራችንም በትምህርት ሥራቸው የምናውቃቸው የደ ላሳል ወንድሞች ያቋቋሙት ካቶሊካዊ ኮሌጅ ነው። ኬሎግ በወታደርነት አገልግሎ የመጣ፣ በኮሌጁ ቡድን ውስጥ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች፣ በትርፍ ጊዜው በአነስተኛ ክፍያ እየሠራ ኪሱን የሚደጉም ድኻ ልጅ ነበር። ወደ እርሱ የመጣው ደግሞ እንግዳ ሰው አልነበረም፤ ባለፈው ዓመት የቡድኑ አምበል ከነበሩት ከሁለቱ አንዱ ነበር። ያቀረበለትም ገንዘብ 1,000 ዶላር ሲሆን ለዚያ ዘመን ድኻ ተማሪ ታላቅ ሀብት ነው። ጨዋታው ከደፖል ዩኒቨርሲቲ ጋር ነበር። ደፖልም አቡነ ያዕቆብ ብለን የምናከብራቸው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ አባል የነበሩበት የላዛሪስት ማኅበር የመሠረተው ተቋም ነው። ፈተናው የገባው እንግዲህ በሁለት ካቶሊካውያን ቤቶች መካከል መሆኑን ልብ በሉ።

ኬሎግ ገንዘቡን አልተቀበለም። ለአሠልጣኙ ለኬን ኖርተን ሄዶ ነገሩን ተናገረ፤ ኮሌጁም ለፖሊስ አሳወቀ። ኬሎግ በፖሊስ ምክር ከሰውዬው ጋር ደግሞ ተገናኝቶ ማስረጃው እንዲያዝ ረዳ። ጨዋታው ተደረገ፤ ማንሃተንም አሸነፈ። ጉቦ ሊሰጥ የመጣው የቀድሞው አምበልና ጓደኛው ተያዙ።

ይህች ጫፍ በተያዘች ጊዜ ድሩ በሙሉ ተተረተረ። በየካቲት ወር፣ ባለፈው የ1950 ውድድር ሁለቱን ታላላቅ የሀገሪቱን ዋንጫዎች በአንድ ዓመት በመውሰድ ስሙ የገነነው የኒው ዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ሦስት ተጫዋቾች ከጨዋታ ሲመለሱ በባቡር ጣቢያ ተያዙ። ከዚያም ከሎንግ አይላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎም ከሌሎች ግዛቶች ኮሌጆች ተያዙ። በመጨረሻ ከ1947 እስከ 1950 ባለው ጊዜ ውስጥ 7 ኮሌጆች፣ 32 ተጫዋቾችና 86 ጨዋታዎች የነገሩ ተካፋይ እንደ ነበሩ ተገለጠ። ጉቦውን ካቀረቡት ዋነኛው ነጋዴ ከ8 እስከ 16 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በነጥብ አግቢነት ከሀገሪቱ ኮሌጆች ተጫዋቾች ሁሉ ይመራ የነበረው የ22 ዓመቱ ሸርማን ዋይት አንድ ዓመት ተፈረደበት፤ እንደ ሌሎቹም ሁሉ ታላቁ የሙያ ሊግ በሩን ለዘለዓለም ዘጋበት።

ያን ጊዜ ብዙዎች «ልጆች ናቸው እኮ» ብለው ተከራከሩ። ድኾች ናቸው፤ ሌላውም ሁሉ ያደርገዋል፤ አሳሳች ትልልቅ ሰዎች ናቸው አሉ። እንግዲህ ይህን ክርክር በቤተክርስቲያን ትምህርት ሚዛን ላይ እናስቀምጠው።

በመጀመሪያ፣ በክርክሩ ውስጥ እውነት አለ። እናት ቤተክርስቲያን የሰውን ሥራ ስትመዝን የተፈጸመውን ድርጊት ብቻ አትመለከትም። የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 1735፣ አለማወቅ፣ አለማስተዋል፣ ግዳጅ፣ ፍርሃት፣ ልማድና የመሳሰሉት የአንድን ሰው ኃላፊነት ሊቀንሱ እንዲያውም ሊያስቀሩ እንደሚችሉ ያስተምራል። ሕገ ቀኖናችንም ሰባት ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ለድርጊቱ ተጠያቂ አያደርገውም፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰውንም በቅጣት ረገድ ይራራለታል። የደም ፍላት፣ የጓደኛ ግፊት፣ የኪስ ባዶነት በወጣት ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ ቤተክርስቲያን ታውቃለች። ይህን የማያይ ዳኛ ወይም ካህን ቢኖር ፍርዱ ጨካኝ ይሆናል።

ሆኖም «ኃላፊነቱ ቀነሰ» ማለትና «ኃላፊነት የለበትም» ማለት የተለያዩ ናቸው። ይኸው ሕገ ቀኖና 18 ዓመት የሞላውን ሰው ሙሉ ሰው ይለዋል። በዚህ ዕድሜ ያለ ወጣት ማግባት፣ ለምንኩስና መሐላ መግባት፣ ለሀገሩ መዝመት ይችላል። ለትዳርና ለመሐላ የበቃ ሕሊና ለጉቦ ሲሆን ብቻ ሕፃን ሊሆን አይችልም። ደግሞም ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2413 ጨዋታና ውርርድ በራሳቸው ከፍትሕ ጋር የሚጋጩ አይደሉም ካለ በኋላ፣ በጨዋታ ማጭበርበር ግን ጉዳቱ እጅግ ቀላል ካልሆነ በስተቀር ከባድ ነገር መሆኑን ያስገነዝባል። እነዚያ ተጫዋቾች ክፉ መሆኑን አያውቁም ነበርን? ገንዘቡን በስውር መቀበላቸው፣ ከአሠልጣኛቸውና ከወላጆቻቸው መደበቃቸው ማወቃቸውን ይመሰክራል። ባይደበቅ ኖሮ አለማወቅ ነው ባልን ነበር።

«ማንስ ተጎዳ?» ለሚለውም መልስ አለው። ከጎኑ ላቡን እያፈሰሰ ለእውነት የሚጫወት ጓደኛው ተጎድቷል፤ አምኖ የተቀመጠው ተመልካች ተታልሏል፤ በልጁ የሚኮራ አባት አፍሯል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለልጁ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ (2ኛ ጢሞ. 2፥5) በውድድር የሚሳተፍ ሰው እንደ ሕጉ ካልተወዳደረ የድል አክሊል እንደማይቀዳጅ ያስተማረው በከንቱ አይደለም። ሐዋርያው ይህን የጻፈው ለሽማግሌ ሳይሆን፣ ወጣትነቱን ማንም እንዳይንቅበት በቃልና በኑሮ ምሳሌ ይሁን ብሎ ላዘዘው ለወጣቱ ጢሞቴዎስ ነው (1ኛ ጢሞ. 4፥12)።

አበው «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፥ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ይላሉ። በዚያች ከተማ፣ በዚያ ዓመት፣ በዚያው ጨዋታ ሁለቱም ፍሬዎች ታይተዋል። ኬሎግም ወጣት ነበር፤ ኬሎግም ድኻ ነበር፤ እርሱንም ታላቁ የሆነ ሰው ፈትኖታል። እንዲያውም በቀለሙ ምክንያት ከሌሎቹ ይልቅ ብቸኛ ነበር። ወጣትነት ወደ ክፉ መውደቅን የግድ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ኬሎግ ባልቆመ ነበር። «ከወጣት ይህን መጠበቅ አይቻልም» ስንል ራሩልን ያልናቸውን ብቻ ሳይሆን የቆሙትንም ወጣቶች እንሰድባለን።

የቅዱሳንን ኑሮ ብንመለከትም ይኸንኑ እናያለን። ቅዱስ አውግስጢኖስ በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ከሰው ዛፍ ፍሬ መስረቁን በኑዛዜው መጽሐፉ ጽፎልናል። የተሰረቀው ፍሬ ረብ የሌለው ነበር፤ አልተራበበትምም። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ጳጳስ ከሆነ በኋላ፣ በጎለመሰ ዕድሜው፣ ነገሩን «ልጅነት ነው» ብሎ አላለፈውም። ለምን አደረግሁት ብሎ ልቡን መረመረ፤ ብቻዬን ብሆን ኖሮ አላደርገውም ነበር ብሎም የጓደኛን ግፊት አወቀ። ይሁን እንጂ ግፊቱን እንደ ጋሻ አልተጠቀመበትም፤ በእግዚአብሔር ፊት ጥፋቱን ጥፋት ብሎ ጠራው። በማብራራትና በማመካኘት መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። ማብራራት ወደ ንስሐ ይመራል፤ ማመካኘት ከንስሐ ያስቀራል።

መዝሙረኛው ዳዊትም በመዝሙር 24 (25) ቁጥር 7 እግዚአብሔር የወጣትነቱን ኃጢአት እንዳያስብበት ይለምናል። ወዳጆቼ፣ ይህን ጸሎት በጥሞና አስተውሉት። ወጣትነት ራሱ ማመካኛ ቢሆን ኖሮ ዳዊት ምሕረት መለመን ባላስፈለገው ነበር። ማመካኛ ያለው ሰው ይቅርታ አይለምንም፤ ይቅርታ የሚለምነው ዕዳ እንዳለበት የሚያውቅ ብቻ ነው። የጠፋው ልጅ ታሪክም (ሉቃ. 15) እንደዚሁ ነው። ከሁለቱ ወንድማማቾች ታናሹ እርሱ ነበር። ወደ አባቱ ሲመለስ ግን «ልጅ ነበርሁ፤ ጓደኞቼ አሳሳቱኝ» አላለም፤ በሰማይና በአባቱ ፊት መበደሉን ተናገረ። አባቱም ሮጦ ያቀፈው ይህን በልቡ ይዞ የመጣውን ልጅ ነው። ልጁን «ምንም አልሠራህም» ብንለው ኖሮ ያን እቅፍ በነሣነው ነበር።

እዚህ ላይ ግን ለሌላው ወገንም ቃል አለን። ወጣትነት ጥፋቱን ባይሽረውም፣ የቅጣቱን መጠንና የተስፋውን ስፋት ሊወስን ይገባዋል። በሃያ ዓመቱ የሳተ ሰው ገና አምሳ ዓመት ሊኖር ይችላል። «ልጅነት ነው» የሚለው ቃል ትክክለኛ ቦታው ይህ ነው፤ ኃጢአቱን ለመካድ ሳይሆን ኃጢአተኛው ገና መንገድ እንዳለው ለማስታወስ። ጥፋቱን የሚሸፍን ሰውና የጠፋውን ልጅ ለዘለዓለም በሩን የሚዘጋበት ሰው ሁለቱም ያንኑ አንድ ነገር ክደዋል፤ ሰው በጸጋ ሊለወጥ መቻሉን።

ደግሞም የወጣቱ ዕድሜ የትልልቆቹን ዕዳ አይከፍልም። ተጫዋቾቹን የቀጣው ዳኛ ሶል ስትሬት በፍርዱ ወቅት ኮሌጆቹንም በብርቱ ወቅሷል። ስፖርቱን ንግድ አድርገውታል፤ ለትምህርት ያልበቁትን በተጭበረበረ የትምህርት ማስረጃ አስገብተዋል፤ ጨዋታ እንጂ ሰው አላሳደጉም። ካቶሊካዊ ስም መያዝም ብቻውን አያድንም፤ በ1978 እና በ1979 መካከል ባለው የውድድር ዘመን ኢየሱሳውያን ባቋቋሙት በቦስተን ኮሌጅ ያው ጥፋት ተደግሟል፤ አንድ ተጫዋችም በ1982 የ10 ዓመት እስራት ተፈርዶበት ኋላ ቅጣቱ ተቀንሶለታል። ልጁን ለዋንጫ ብቻ የሚያጨበጭብለት ወላጅ፣ ተማሪውን ለስሙ ብቻ የሚፈልገው ትምህርት ቤት፣ ልጁ በወደቀ ጊዜ «ልጅነት ነው» ሲሉ አንዳንዴ ይቅር የሚሉት ራሳቸውን ነው።

ይህ ሁሉ የጥንት ታሪክ ብቻ እንዳይመስለን። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 በሰጠው ውሳኔ ግዛቶች የስፖርት ውርርድን ሕጋዊ እንዲያደርጉ መንገዱ ተከፍቷል፤ ዛሬ ቁማርተኛው አዳራሹ ደጃፍ መቆም አያስፈልገውም፤ በተጫዋቹም በተመልካቹም ኪስ ውስጥ፣ በስልኩ ላይ አለ። ከ2021 ወዲህ የኮሌጅ ስፖርተኞች ከስማቸውና ከምስላቸው በሕጋዊ መንገድ ገቢ እንዲያገኙ ስለ ተፈቀደ «ድህነት ነው ያሳተው» የሚለው ቃል ቢሳሳም፣ ፈተናው አልሳሳም። በእኛም ከተሞች የእግር ኳስ ውጤት እየገመተ የዕለት ገንዘቡን በውርርድ የሚያጠፋ ወጣት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ ጉዳዩ የእናንተም የመምህራን ጉዳይ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ፣ ወጣቱን ከፈተናው በፊት እናስተምረው። ኬሎግ ፈተናው ሲመጣ ሮጦ የሚነግረው ሰው ነበረው፤ የእኛስ ወጣቶች ሳያፍሩ ወደ ማን ይሄዳሉ? በየቁምስናው አንድ የሚሰማ ጆሮ እንዲኖር አድርጉ። ሁለተኛ፣ ወጣት ሲያጠፋ ምክንያቱን ሁሉ በትዕግሥት ስሙት፤ ከሰማችሁት በኋላ ግን «ይህን አንተ ነህ ያደረግኸው» ከማለት አትሽሹ። ይህ ቃል ቢመርም ክብር አለበት፤ ሰው ነህ፣ መምረጥ ትችላለህ ማለት ነውና። ሦስተኛ፣ ወደ ምሥጢረ ንስሐ ምሩት፤ የሚካስ ካለም እንዲክስ፣ የሚመለስ ካለም እንዲመልስ እርዱት። የተናዘዘውንም ያለፈውን እያነሣችሁ አታሸማቅቁት።

ጁኒየስ ኬሎግ ከኮሌጅ ከወጣ በኋላ የታወቀ ቡድን ተቀላቅሎ ሲጫወት፣ በ1954 በደረሰበት የመኪና አደጋ ሰውነቱ ሽባ ሆነ። ዳግመኛ በእግሩ ባይቆምም ተስፋ አልቆረጠም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚጫወቱ የአካል ጉዳተኞች የቅርጫት ኳስ ቡድን አሠልጣኝ ሆኖ አገለገለ፤ በ1998 በ71 ዓመቱ ዐረፈ። እግሩ ከድቶት እንኳ በወጣትነቱ የመረጠው ቅንነት አልከዳውም። በወጣትነት የሚመረጥ ነገር፣ ክፉም ይሁን በጎ፣ ከወጣትነት ጋር አያልፍም።

ወደ ጀመርሁት ታሪክ ልመለስ። እኚያ አረጋዊ ካህን በማግሥቱ ወደ ተሸነፈው ቡድን አምበል ላኩኝ። በእግሬ የአንድ ሰዓት መንገድ ነበር፤ እንደዚያ የረዘመ መንገድ ከዚያ በኋላ አላጋጠመኝም። ልጁን አግኝቼ «ገብቶ ነበር» አልሁት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያም «አውቄ ነበር፤ እንድትነግረኝ ነበር የፈለግሁት» ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። ማታ በትከሻ የተሸከሙኝ ጓደኞቼ ያልሰጡኝን ሰላም ያ እጅ ሰጠኝ። «ልጅነት ነው» ብዬ ብቀር ኖሮ ያን እጅ ባልጨበጥሁት ነበር።

የመክብብ ጸሐፊ (11፥9) ወጣቱ በወጣትነቱ ደስ እንዲለው ከፈቀደለት በኋላ እግዚአብሔር ስለ ሁሉም እንደሚጠይቀው ያስታውሰዋል። ደስታውንም ተጠያቂነቱንም ለልጆቻችን አብረን እናስተምራቸው። ወጣቶችን የሚወድ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ልጆቻችንን ከፈተና ይጠብቅልን፤ የወደቁትንም በምሕረቱ ያንሣልን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት አይለየን። አሜን።